ሃይብሪድ መኪና በአውራ ጎዳና ላይ፦ የሚቆጥበው ባትሪው ነው ወይስ ቅርጹ?

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ግዛት፣ አጭር ደብዳቤ ጻፈልን። የሚኖረው ፍሬደሪክስበርግ በምትባል ከተማ ሲሆን የሚሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። በሁለቱ መካከል ኢንተርስቴት 95 የተባለው አውራ ጎዳና 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። «መምህር» ይላል ደብዳቤው፣ «በቀን 160 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ። ለነዳጅ የማወጣው ለእናቴ ከምልከው በለጠ። ወገቤም መቻል አቅቶታል። ስለዚህ በብድር ሃይብሪድ መኪና ልገዛ ነው፤ ከፍ ያለውን ራቭ ፎር መርጫለሁ። ሃይብሪድ እስከሆነ ድረስ ነዳጅ መቆጠቡ አይቀርም፤ አይደለም እንዴ?»

ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። «ሃይብሪድ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም ሙሉ እውነት አይደለም። የት ይቆጥባል? ከምን ያህል ምን ያህል? በምን ምክንያት? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ የሚያስፈልገው የፊዚክስ እውቀት ከመሰናዶ ትምህርት ብዙም አይርቅም። በዚህ ጽሑፍ ለተማሪያችን የሰጠነውን መልስ አስፋፍተን እናቀርባለን። አንባቢ ቃላቱ እንዳይምታቱበት፣ «ጉልበት» ስንል በኒውተን የሚለካውን ገፊ ወይም ተቃዋሚ፣ «ኢነርጂ» ስንል ደግሞ በጁል የሚለካውን ማለታችን መሆኑን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ሃይብሪድ መኪና ምንድን ነው?

ሃይብሪድ መኪና ሁለት ዓይነት ሞተር አለው፤ አንዱ ቤንዚን የሚያቃጥል፣ ሌላው ከባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር። በገበያ ላይ በብዛት በመሸጥ ቀዳሚው ቶዮታ ፕሪየስ ሲሆን፣ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1997 ለሽያጭ ቀርቧል። በአሜሪካ ግን ቀድሞ የተሸጠው በ1999 መጨረሻ የወጣው ባለ ሁለት መቀመጫው ሆንዳ ኢንሳይት ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከግድግዳ ሶኬት የማይሞላውን ተራውን ሃይብሪድ ነው። በዚህ ዓይነቱ መኪና ውስጥ የመጨረሻው የኢነርጂ ምንጭ ምንጊዜም ቤንዚን ብቻ ነው። ባትሪው ኢነርጂ አያመነጭም፤ ሌላው ያመረተውን ተቀብሎ ለጊዜው የሚያስቀምጥ ትንሽ ጎተራ ነው። የጎተራውም መጠን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ታዲያ አዲስ ኢነርጂ የማይፈጥር መሣሪያ ነዳጅ የሚቆጥበው እንዴት ነው? ይባክን የነበረውን በመሰብሰብ ነው። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «በእኔ መንገድ ላይ የሚባክነው ምንድን ነው?» የሚለው ይሆናል።

በከተማ ውስጥ ኢነርጂ የሚጠፋው በፍሬን ነው

ሾፌሩን ጨምሮ መጠነ ቁሱ 1,700 ኪሎ ግራም የሆነ የቤት መኪና እንውሰድ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር (በሴኮንድ 13.9 ሜትር) ሲጓዝ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት ግማሽ ነው፤ ይኸውም 164 ኪሎጁል ያህል ይሆናል። መኪናው መብራት ላይ ሲቆም ይህ ሁሉ ኢነርጂ በፍሬኑ ሰበቃ ወደ ሙቀት ተለውጦ አየር ላይ ይበተናል። መብራቱ ሲለቅ ደግሞ ቤንዚን አቃጥሎ እንደገና መግዛት ግድ ነው።

በየግማሽ ኪሎ ሜትሩ የምንቆም ቢሆን በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ 200 ጊዜ እንቆማለን። ይህም በግምት 33 ሜጋጁል በፍሬን ብቻ ማጣት ነው። በዚያው ርቀት አየሩንና የጎማውን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚወጣው 24 ሜጋጁል ገደማ መሆኑን ቀጥሎ ከምናቀርበው ቀመር አንባቢ ሊያሰላው ይችላል። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ከጠቅላላው ኢነርጂ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የፍሬን ምርኮኛ ነው።

ሃይብሪድ መኪና ይህን ምርኮ ያስመልሳል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄነሬተር ሆኖ ጎማዎቹ ያዞሩታል፤ የእንቅስቃሴው ኢነርጂም ወደ ባትሪ ይገባል። ሁሉም አይመለስም፤ ከጎማ ወደ ጄነሬተር፣ ከጄነሬተር ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ጎማ በሚደረጉት አራት ሽግግሮች እያንዳንዱ 90 በመቶ ቢያሳልፍ በመጨረሻ የሚደርሰው 66 በመቶ ገደማ ነው። ቢሆንም ትርፉ ከፍተኛ ነው። በተጨማሪም መኪናው ቆሞ ሳለ ቤንዚኑ ሞተር ይጠፋል፤ በዝግታ ሲንፏቀቅም በባትሪ ብቻ ይሄዳል። ሃይብሪድ በከተማ ውስጥ ያተረፈው ዝና ተገቢ ዝና ነው።

በአውራ ጎዳና ላይ ዋናው ባላጋራ አየር ነው

አሁን ወደ ተማሪያችን መንገድ እንሂድ። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር (በሴኮንድ 27.8 ሜትር) እየተጓዘ ነው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 656 ኪሎጁል ሆኗል፤ ከከተማው አራት እጥፍ ማለት ነው። ነገር ግን መንገዱ ክፍት ከሆነ በ80 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚቆመው አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ነው። በተቀረው ጊዜ ሁሉ የሚታገለው ከሁለት ተቃዋሚ ጉልበቶች ጋር ነው።

አንደኛው የጎማ ተቃውሞ ነው። ጎማ በተንከባለለ ቁጥር ይጨፈለቃል፣ ተመልሶም ይነፋል፤ በዚህ መካከል ጥቂት ኢነርጂ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ጉልበት በጥሩ አስፋልት ላይ ከመኪናው ክብደት አንድ መቶኛ ያህል ነው ብንል ለመኪናችን 167 ኒውተን ይሆናል። ፍጥነት ቢጨምርም ብዙ አይለዋወጥም።

ሁለተኛው የአየር ተቃውሞ ነው፤ ቀመሩም የሚከተለው ነው፦

የአየር ተቃውሞ = ½ × የአየር እፍግታ × የቅርጽ ዋጋ × የፊት ስፋት × የፍጥነት ካሬ

የአየር እፍግታ በባሕር ወለል አካባቢ በኪዩቢክ ሜትር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። «የቅርጽ ዋጋ» መኪናው አየሩን ምን ያህል በቀላሉ ሰንጥቆ እንደሚያልፍ የሚያሳይ አሃድ አልባ ቁጥር ነው። ዝቅ ብሎ ለስላሳ ቅርጽ ላለው የቤት መኪና 0.28፣ የፊት ስፋቱን ደግሞ 2.25 ካሬ ሜትር ብለን እንውሰድ። በእነዚህ ቁጥሮች የአየር ተቃውሞው 292 ኒውተን፣ ድምሩ 459 ኒውተን ይሆናል። ለ80 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው ኢነርጂ 36.7 ሜጋጁል ነው ማለት ነው።

በመጨረሻዋ አንድ ማቆሚያ ላይ በፍሬን ሊመለስ የሚችለው 0.656 ሜጋጁል ከዚህ ጠቅላላ ኢነርጂ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የቀረው ለአየርና ለጎማ ተከፍሏል፤ ከአየር ላይ ደግሞ ምንም ባትሪ መልሶ ሊሰበስብ አይችልም። በከተማ ጀግና የነበረው ፍሬን አስመላሽ በክፍት አውራ ጎዳና ላይ ሥራ ፈት ነው።

ታዲያ ሃይብሪዱ በአውራ ጎዳና ላይ ለምን ይቆጥባል?

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሃይብሪድ ለረጅም መንገድ ከንቱ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ሊቸኩል ይችላል። ድምዳሜው ስሕተት ነው። ባትሪው በአውራ ጎዳና ላይ የሚሰጠው ጥቅም በተዘዋዋሪ መንገድ የሚመጣ ነው፤ በቤንዚኑ ሞተር በኩል።

በተለመደው የቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስቶኑ ጋዙን የሚያምቅበት ርቀትና የተቃጠለው ጋዝ ፒስቶኑን የሚገፋበት ርቀት እኩል ናቸው። በመሆኑም ጋዙ ገና የመግፋት ዐቅም እያለው በጭስ ማውጫው ይወጣል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጄምስ አትኪንሰን በ1880ዎቹ የመግፊያውን ርቀት ከማመቂያው የሚያስረዝም ሞተር ሠርቶ ነበር። የዛሬዎቹ ሃይብሪዶች ተመሳሳይ ውጤት የሚያገኙት የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ ዘግይቶ በመዝጋት ነው፤ ወደ ሲሊንደሩ ከገባው አየር ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል፣ የሚታመቀው ያነሰ ሲሆን የሚገፋው ግን በሙሉ ርቀት ነው። ቶዮታ እንደገለጸው በ2010 ሞዴል ፕሪየስ ላይ የነበረው ሞተር የሙቀት ብቃት ከፍተኛው 38.5 በመቶ፣ በ2016 ሞዴል ደግሞ 40 በመቶ ደርሷል።

ለዚህ ብቃት የሚከፈል ዋጋ አለ። ሲሊንደሩ ያነሰ አየር ስለሚይዝ ሞተሩ ከእኩያው ደከም ያለ ነው። ለብቻው ቢተው ዳገት ላይና ሌላ መኪና ለመቅደም ስንል ያሳፍረናል። ይህን ጉድለት የሚሞላው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። እንግዲህ ባትሪው «አንተ ቆጣቢ ሁን፣ ጉልበት ሲያስፈልግ እኔ አለሁ» ብሎ ለቤንዚኑ ሞተር ዋስ ሆኖታል ማለት ይቻላል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ሐሳባችንን በይፋ ከተመዘገበ ቁጥር ጋር እናመሳክር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እያንዳንዱ የመኪና ሞዴል በከተማና በአውራ ጎዳና በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ ያወጣል። 235ን በዚህ ቁጥር ስናካፍል ለ100 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገውን ሊትር እናገኛለን። በቤንዚን ብቻ የሚሠራውና ሃይብሪዱ ጎን ለጎን ይሸጡ የነበረበትን የ2023 ሞዴል እንውሰድ፤ ከ2025 ሞዴል ወዲህ ካምሪ በአሜሪካ በሃይብሪድ ብቻ ነው የሚሸጠው።

ቶዮታ ካምሪ ኤል ኢ፣ ቤንዚን፦ ከተማ 8.4 ሊትር፣ አውራ ጎዳና 6.0 ሊትር
ቶዮታ ካምሪ ኤል ኢ፣ ሃይብሪድ፦ ከተማ 4.6 ሊትር፣ አውራ ጎዳና 4.4 ሊትር
ቶዮታ ራቭ ፎር፣ ቤንዚን፦ ከተማ 8.7 ሊትር፣ አውራ ጎዳና 6.7 ሊትር
ቶዮታ ራቭ ፎር፣ ሃይብሪድ፦ ከተማ 5.7 ሊትር፣ አውራ ጎዳና 6.2 ሊትር

ከዚህ ዝርዝር ሦስት ነገሮችን እናነባለን።

አንደኛ፣ ሃይብሪድነት ለካምሪው በከተማ 45 በመቶ፣ በአውራ ጎዳና ግን ከሩብ ብዙም የማይበልጥ ቁጠባ አስገኝቶለታል። ለራቭ ፎር ደግሞ በከተማ 34 በመቶ የነበረው በአውራ ጎዳና ወደ 8 በመቶ ገደማ ወርዷል። ሃይብሪዱ ራቭ ፎር በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ለንጽጽር የወሰድነው ቤንዚኑ ግን በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ስለሆነ ፍርዱ ፍጹም እኩል አይደለም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። አየሩ ከባድ ሲሆን ተራው የቤንዚን ሞተርም ይበልጥ እየተጫነ ወደሚሻለው የብቃት ደረጃው ስለሚጠጋ የሃይብሪዱ ብልጫ ይጠብባል።

ሁለተኛ፣ ሃይብሪዱ ራቭ ፎር ከከተማ ይልቅ በአውራ ጎዳና ላይ ብዙ ነዳጅ ይጠጣል። በተራ መኪና ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው። ሃይብሪዱ በከተማ የሚባክነውን ስላዳነ፣ የቀረው ትልቁ ወጪ አየር ብቻ ሆኗል።

ሦስተኛውና ለተማሪያችን ዋነኛው፣ ተራው የቤንዚን ካምሪ በአውራ ጎዳና ላይ 6.0 ሊትር ሲፈጅ ሃይብሪዱ ራቭ ፎር 6.2 ይፈጃል። ባትሪ የሌለው ዝቅተኛ መኪና ባትሪ ያለውን ከፍተኛ መኪና በጥቂቱም ቢሆን በልጦታል!

ምክንያቱ ከቀመራችን ይወጣል። ከፍ ላለ የቤተሰብ መኪና የቅርጽ ዋጋውን 0.33፣ የፊት ስፋቱን 2.7 ካሬ ሜትር፣ መጠነ ቁሱን 1,800 ኪሎ ግራም ብንል፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ጠቅላላ ተቃውሞው 589 ኒውተን ይሆናል። ዝቅተኛው መኪና ይህን ያህል ተቃውሞ የሚገጥመው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ነው። ከፍ ያለውን መኪና መምረጥ ማለት ሳይፈጥኑ የፍጥነትን ቀረጥ መክፈል ማለት ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ

ፍጥነትን ካነሣን ዘንድ ሒሳቡን እንጨርሰው። ዝቅተኛው መኪና ከ100 ወደ 120 ሲያልፍ ተቃውሞው ከ459 ወደ 587 ኒውተን ያድጋል፤ 28 በመቶ ጭማሪ ነው። የሚተርፈው ጊዜ በ80 ኪሎ ሜትር ጉዞ 8 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ በቨርጂኒያ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 70 ማይል፣ ማለትም 113 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 120 መንዳት ሕግ መጣስ ነው።

ተማሪያችን በዓመት 240 ቀን ቢመላለስ 38,400 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በሃይብሪዱ ካምሪ 1,690፣ በቤንዚኑ ካምሪ 2,304፣ በሃይብሪዱ ራቭ ፎር ደግሞ 2,381 ሊትር ያስፈልገዋል። በሁለቱ ሃይብሪዶች መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 691 ሊትር ነው። አንድ ሊትር 0.90 ዶላር ነው ብንል ከ620 ዶላር በላይ ይሆናል፤ ለእናት የሚላክ ገንዘብ ነው። በሌላ በኩል ሃይብሪዱን ካምሪ በ100 ፈንታ በ120 ቢነዳው በዓመት 470 ሊትር ያህል ይጨምርበታል፤ ባትሪው በአውራ ጎዳና ካተረፈለት 614 ሊትር ውስጥ አብዛኛውን በገዛ እግሩ መለሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። የኤጀንሲው የ«አውራ ጎዳና» ቁጥር መነሻ የሆነው ሙከራ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 77 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የከፍተኛ ፍጥነትና የአየር ማቀዝቀዣ ሙከራዎች ተጨምረው ቁጥሩ ወደ እውነታው ቢቀርብም፣ ያለማቋረጥ በፍጥነት ለሚነዳ ሰው ወጪው ከተጻፈው ከፍ ማለቱ አይገርምም።

የራስን መንገድ ማወቅ

ኢንተርስቴት 95 ጠዋትና ማታ እንደሚጨናነቅ የታወቀ ነው። ተማሪያችን 80 ኪሎ ሜትሩን በ50 ደቂቃ የሚጨርስ ከሆነ መንገዱ በእርግጥ አውራ ጎዳና ነው፤ አየር ይገዛዋል። አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ የሚፈጅበት ከሆነ ግን አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በስም አውራ ጎዳና፣ በፊዚክስ ግን ከተማ ሆኗል። ያን ጊዜ የሃይብሪድነት ጥቅም ይጎላል፣ የቅርጽ ልዩነት ያንሳል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚሠራው የመጀመሪያው ሙከራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለሁለት ሳምንት ርቀቱንና ሰዓቱን መዝግቦ ማካፈል ብቻ ነው።

ምቾትም የፊዚክስ ጉዳይ ነው

«ወገቤ መቻል አቅቶታል» የሚለውን ቃል አልዘነጋነውም። በቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት መሪ ጨብጦ ለሚቀመጥ ሰው ምቾት ቅንጦት አይደለም፤ የደከመ ሾፌር ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ድምፅ ነው። አየር በመኪናው አካል ላይ ሲሰነጠቅ የሚፈጥረው የድምፅ ኃይል በግምት ከፍጥነት ስድስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ከ100 ወደ 120 ስናልፍ ሦስት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው፤ በዴሲቤል 5 ያህል ጭማሪ ነው። ነዳጅ የሚቆጥበው ለስላሳ ቅርጽ ጆሮንም ያሳርፋል፤ ሁለቱ ጥቅሞች ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

ሁለተኛው ንዝረት ነው። ተቀምጦ ያለ ሰው ገላ ከሁሉ ይበልጥ የሚረበሸው በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ገደማ ወደ ላይና ወደ ታች በሚንቀጠቀጥ ንዝረት ነው። የመኪና ሞላ ተመጥኖ የሚሠራው አካሉ ከዚህ በዝግታ፣ በሴኮንድ ከአንድ ጊዜ ብዙም ሳይበልጥ እንዲወዛወዝ ነው። ቸርኬው ተልቆ ጎማው ሲሳሳ ግን በጎማው ውስጥ ያለው የአየር ትራስ ስለሚቀንስ የመንገዱ ሸካራነት ወደ ወገብ ይደርሳል። ነዳጁም አይድንም፤ የ2023 ሃይብሪድ ካምሪ ትናንሽ ቸርኬ ባለው ኤል ኢ ደረጃ በአውራ ጎዳና 4.4 ሊትር ሲፈጅ፣ ትልልቅ ቸርኬና ተጨማሪ ዕቃ ባላቸው ደረጃዎች ወደ 5.0 ከፍ ይላል። ብዙ ሰው ለውበት ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት ነገር ምቾቱንና ነዳጁን በአንድ ጊዜ ይወስድበታል።

ሦስተኛው የሃይብሪዶች ልዩ ጠባይ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ የተለመደው ካምቢዮ ስለሌለ፣ ረጅም ዳገት ሲወጡ ቤንዚኑ ሞተር በአንድ ከፍተኛ ዙር ላይ ረግቶ ሊጮህ ይችላል። ብልሽት አይደለም፤ ይሁን እንጂ አንዳንዱን ሰው ያሰለቻል። ስለዚህ መኪናን በሰፈር ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ነድቶ መግዛት ለረጅም መንገድ ተጓዥ አይበቃም። ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በአውራ ጎዳና ፍጥነት መንዳት፣ ከተቻለም ዳገት መፈለግ ይገባል። መቀመጫው ወገብን መደገፉ የሚታወቀውም በሠላሳኛው ደቂቃ እንጂ በሦስተኛው አይደለም። ለመግባትና ለመውጣት ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከፍ ያለ መኪና ቢመርጥ ምክንያታዊ ነው፤ የሚከፍለውን ዋጋ አውቆ እስከመረጠ ድረስ።

ከፍሬደሪክስበርግ ወደ አዳማ

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለባሕር ማዶ ወገኖቻችን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም ርዝመቱ ከተማሪያችን መንገድ ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ ሁለት ልዩነቶች አሉት።

አንደኛው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ የአየር እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 0.95 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በመሆኑም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የአየር ተቃውሞው ከ292 ወደ 231 ኒውተን ይወርዳል። ተፈጥሮ የሃያ በመቶ ቅናሽ አድርጋልናለች።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ መንገዱ በከፍታ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል እንበል። መኪናችን የሚያጣው የከፍታ ኢነርጂ 8.3 ሜጋጁል፣ ማለትም 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ከሃይብሪድ ባትሪ ጎተራ ይበልጣል። ታዲያ ትርፉ ሊፈስ ነው? አይደለም። በ80 ኪሎ ሜትር ሲከፋፈል የስበት እገዛው በአማካይ 104 ኒውተን ብቻ ነው፤ ተቃውሞው ግን 398 ኒውተን ነው። ስለዚህ ፍሬን መርገጥ በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ስበት በቀጥታ ሞተሩን ያግዛል፤ በባትሪ በኩል መዞር አያስፈልገውም። ሲወርዱ የሚያስፈልገው 294፣ ሲመለሱ ደግሞ 502 ኒውተን ይሆናል። መኪናውን ወደ አዳማ ሲወርድ ብቻ ለክቶ የተደሰተ ሰው በመመለሻው ያዝናል፤ ትክክለኛው ልኬት የደርሶ መልስ ልኬት ነው።

ለዚህም ቀላል ዘዴ አለ። ነዳጅ ማጠራቀሚያውን ጢም አድርጎ መሙላት፣ ደርሶ መልስ መንዳት፣ በዚያው ማደያ እንደገና ጢም አድርጎ መሙላትና የተጨመረውን ሊትር በተነዳው ኪሎ ሜትር አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን የወሰደ ተማሪ የራሱን ቁጥር በእጁ ይዟል።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ አግዳ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ መኪኖች አዙራለች። ነዳጁ ቢለወጥም አየሩ አልተለወጠም። ያው 459 ኒውተን በ100 ኪሎ ሜትር 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ ከባትሪ እስከ ጎማ 85 በመቶ ቢደርስ ከባትሪው 15 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። ፍጥነትና ቅርጽ በቤንዚን መኪና የሚያስከፍሉት ገንዘብ ሲሆን በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ርቀት ነው፤ መንገድ ላይ ባትሪ ማለቅ ማለት ነው።

ለተማሪያችን የጻፍነው መልስ በአጭሩ ይህ ነበር፦ በቅድሚያ መንገድህን ለካ፤ ክፍት ከሆነ ዝቅተኛውን፣ ለስላሳውን፣ ትንሽ ቸርኬ ያለውን ምረጥ፤ የከተማውን ትተህ የአውራ ጎዳናውን ቁጥር አንብብ፤ ግማሽ ሰዓት ሳትነዳ አትፈርም። ሃይብሪድ ቢሆን መልካም ነው፤ ነገር ግን «ሃይብሪድ» የሚለው ጽሑፍ የሚለጠፈው በመኪናው ኋላ ነው፤ አየር የሚገጥመው ግን ከፊት ነው።